ያጠብኩት ሞተር

ሰሞኑን ልጄ ከጎንደር ስትመጣ ለእናቷ መጥበሻ ገዝታ መጣች። ውስጡ ጥቁር ነው፤ እንቁላል ቢጠበስበት አይዝም፣ ዘይትም ብዙ አይፈልግም። እኔ ሱቁን ለወንድሟ ከለቀቅኩ ወዲህ ጧት ጧት ቤት መዋል ጀምሬያለሁ። ጡረታ ወጣሁ አልልም፤ ነጋዴ ጡረታ የለውም፣ የሚሰማው ሲያጣ ነው ዝም የሚለው። ታዲያ አንድ ቀን እናትና ልጅ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ በሄዱበት ቁርሴን ራሴ ጠበስኩና ዕቃውን ላጥብላቸው ብዬ ተነሳሁ። ያ ጥቁር ነገር የጥላሸት ቅሪት መሰለኝ። አመድ ጨመርኩ፣ አሸዋ ጨመርኩ፣ ፈተግኩ። ሲመለሱ መጥበሻውን እንደ ጽዋ አብርቼ ጠበቅኋቸው።

ባለቤቴ ከጥላ ወደ ፀሐይ አውጥታ እያገላበጠች አየችው።

"አንት ሰውዬ፣" አለችኝ፣ "ሥራውን የሚሠራው እኮ ይሄ ልጠህ የጣልከው ነው።"

ልጄ በሳቅ ፈረሰች። እኔም ለወጉ ሳቅኩ። በልቤ ግን ደባርቅ ነበርኩ፤ ያውም ጸጉሬ ጥቁር በነበረበት ዘመን። ይህንኑ ቃል ሊነግረኝ የሚገባ አንድ ሰው ነበር፤ ሳይነግረኝ የቀረ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ዳባት በአጎቴ በአያ ጫኔ መጋዘን ጆንያ እመዝን ነበር። አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ገብስ፣ ባቄላና ድንች ከደባርቅ ዙሪያና ከበየዳ ከሚወርደው ገበሬ ገዝተው ጎንደር ያወርዱ ነበር። ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፣ ዝቅም አያደርጉም፤ ቁጣቸውንና ምርቃታቸውን ለመለየት ቃሉን መስማት ግድ ይላል። የእኔ ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የቀረውን ያስተማረኝ የዳባት ገበያ ነው። ከገበያ የተማርኩት የመጀመሪያው ነገር ደግሞ የታጠበ ድንች ካልታጠበው ቀድሞ እንደሚሸጥ ነው። የታጠበ ድንች ቶሎ ይበሰብሳል ይላሉ፤ እውነት ነው፤ ግን ሲበሰብስ የገዢው ሆኗል።

አጎቴ አንዲት አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ነበረቻቸው። ሹፌራቸውን ካባረሩት ቆይተው ነበር። ያባረሩት ተጋጭቶ አይደለም፤ ግጭትማ ሁለት ጊዜ ተጋጭቶ "የዕለት ነገር ነው" ብለው አልፈውታል። ያባረሩት የራዲያተሩን ክዳን ሳያጠብቅ መንገድ ስለወጣ ነው። "አደጋ ከእግዜር ነው፣ ግድየለሽነት ግን ከሰው ነው" ይሉ ነበር። አንድ ነገር ሲበላሽ አጎቴ ስንት ይፈጃል አይሉም፣ መቼ ይሠራል አይሉም። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ "ማነው?" የዚያ ጥያቄ መልስ ሆኖ የተገኘ ሰው በሚቀጥለው ቀን ሌላ ሥራ ይፈልጋል።

እኔ መንጃ ፈቃድ ባወጣሁ በአራተኛው ወር፣ ሌላ ሰው እስኪገኝ ድረስ ተብሎ መሪው ተሰጠኝ። ሌላ ሰው እንዳይገኝ በየቀኑ እጸልይ ነበር። ጆንያ የመዘነ ሰው ያውቀዋል፤ ቀኑን ሙሉ የሰው እህል ከፍ ዝቅ ስታደርግ ውለህ ማታ የምታራግፈው አቧራ ብቻ ያንተ ነው። መሪ የያዘ ግን ገበሬውን ያውቃል፣ ጎንደር ያለውን ተረካቢ ያውቃል፣ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ ከሁሉ ቀድሞ ይሰማል። ንግድ ማለት እሱ ነው።

ኅዳር ሊጋመስ ሲል፣ ሰኞ ጧት፣ ባዶ ጆንያ ጭኜ ከዳባት ወደ ደባርቅ ወጣሁ። ጎኔ አንድ ቄስና አንዲት ሁለት ዶሮ ያቀፉ ባልቴት ተሳፍረዋል። ገብሱ ታጭዶ ማሳው ራሱን የተላጨ ሰው መስሏል፤ ብርዱ በበሩ ስንጥቅ እንደ መርፌ ይገባል። ወቅንን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ከሞተሩ ፊት ለፊት ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጉልበቷ ከዳት። ነጭ ጭስ ለቀቀችና አንዴ ተንቀጥቅጣ ቆመች።

ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ። "ጸሎት እናድርስና ትነሳ ይሆናል" አሉ።

"አባ፣" አሉ ባልቴቷ ዶሮዎቻቸውን እያስተካከሉ፣ "ጸሎቱን እየተራመድን ብናደርሰውስ? ሳትነሳ ብትቀር መንገዱ ይቀነስልናል።"

ሁለቱም ሄዱ። እኔን ከሰዓት በኋላ አንድ የጭነት መኪና በገመድ ጎትቶ ደባርቅ አደረሰኝ። የተጎተትኩት ወደ ይርሳው ግቢ ነው፤ ናፍጣ ሞተር የሚፈታ ሰው በዚያ ወራት ከእሱ ሌላ አልነበረም።

ይርሳው ከእኔ አሥር ዓመት ቢበልጥ ነው። በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር፤ ዜማ ተምሯል፣ የጾምና የበዓል መግቢያ የሚቆጠርበትን ባሕረ ሐሳብ ጀምሯል፣ ዲቁናም ተቀብሏል። ከዚያ የሊማሊሞን መንገድ የሚጠግኑ ሰዎች ካምፕ ገብቶ ውሃ ሲቀዳ፣ ውሃ ከመቅዳት ቁልፍ ወደ ማቀበል፣ ከማቀበል ወደ መፍታት ደረሰ። ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ ጽድ አለ፤ ጋራዡ እሱ ነው። ሥራ ከጀመረ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበርና የከተማው ሰው ያኔ ገና "ደብተራው መካኒክ" እያለ ያሾፍበታል። ሞተሩን በድግምት ነው የሚያስነሳው የሚሉም አልጠፉም። እሱ አይቆጣም። "ድግምቱን ባውቀውማ ብሎን ስፈታ ጣቴን አልልጥም ነበር" ይላል።

ማክሰኞ ጧት የፊት ክዳኑን ከፈተው። እኔ ስለ ሞተር የማውቀው ናፍጣ እንደምትጠጣ ብቻ ነበርና፣ እንደ ተማሪ አጠገቡ አቁሞ አስረዳኝ። ሁለት ዘንጎች አሉ። ታችኛው ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ነው። ላይኛው ካምሻፍት ይባላል፤ አየር የሚገባበትንና ጭስ የሚወጣበትን ቫልቮች በየተራ እየተጫነ የሚከፍት እሱ ነው። ሁለቱን የብስክሌቱን የመሰለ ካቴና ያገናኛቸዋል፤ ካቴናው የሚያርፈው በየዘንጎቹ ጫፍ በታሰረ ባለ ጥርስ ክብ ብረት፣ እነሱ በአጭሩ ጥርስ በሚሉት ላይ ነው።

የእኛ የላይኛው ጥርስ ሦስት ቦታ ተሸርፏል። ካምሻፍቱም ጉብታዎቹ እንደ አሮጌ ሳሙና ሟሟተዋል።

"ሁለቱም ይቀየራሉ፣" አለኝ ይርሳው። "መቀየሩ ቀላል ነው። ከባዱ ማስማማቱ ነው። ታችኛው ሁለቴ ሲዞር ላይኛው አንዴ ነው የሚዞር። ይሄ ካልተጠበቀ፣ አንድ ጥርስ ብትዛነፍ፣ ጾሙ ከፋሲካ በኋላ ይገባል።"

"ከገባስ ምን ይሆናል?"

"ቫልቩ ሲወርድ ፒስተኑ ሲወጣ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ በኋላ ለአጎትህ መኪና አታመጣላቸውም፤ ብረት ነው የምታመጣላቸው።"

ይህን ብሎ ከበርሜል ሥር ትንሽ ቆርቆሮ አወጣ። የቤተ ክርስቲያን መስኮት ሲቀባ የተረፈ አረንጓዴ ቀለም ነው። በዶሮ ላባ ጫፍ እየነከረ ታችኛው ጥርስ ላይ አንድ ነጥብ፣ ትይዩው በሞተሩ አካል ላይ አንድ ነጥብ፣ ካቴናው ላይ ሁለት፣ ላይኛው ጥርስ ከሚቀመጥበት ፊት ለፊት አንድ ነጥብ አሳረፈ። ከዚያ ካምሻፍቱን ከነጥርሱ ፈትቶ በጆንያ ጠቀለለና የጎንደር አውቶቡስ እንዳያመልጠው እየሮጠ ወጣ። በሩ ላይ ዞር ብሎ "ዕቃውን ጠብቅልኝ፣ ሐሙስ እመለሳለሁ" አለኝ።

በዚያው ቀን አጎቴ ከዳባት መጥተው መኪናዋን ዞረው አዩ። ከጎንደር አንድ ገዢ እንደጠየቃቸው፣ ቅዳሜ ዳባት እንደሚመጣ ነገሩኝ። "ቅዳሜ ጧት በራሷ ጉልበት ገበያ ከገባች አልሸጣትም። መሪውም ያንተ ነው፣ የደባርቁም መስመር ያንተ ነው። ካልገባች እንዳለች እሸጣታለሁ፤ አንተም ወደ ሚዛንህ ትመለሳለህ።" አሉና በመጡበት ሚኒባስ ተመለሱ። ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም።

እኔ እንግዲህ ከአንድ የተፈታ ሞተር ጋር ተፋጥጬ ቀረሁ። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ለጆንያ ሠራተኛ እንዴት እንደሚያሳክክ ለማያውቅ ማስረዳት አይቻልም። ረቡዕ ጧት ፀሐይ ሞቅ ሲል ሞተሩን አየሁት። ጥቁር፣ ቅባት የጠገበ፣ አቧራ የተጋገረበት ነው። ገዢ ቅዳሜ ይመጣል። አጎቴ ያዩታል። የታጠበ ድንች ትዝ አለኝ።

ከአጥሩ ሥር ግራዋ ሞልቷል። ጋን በምን ይታጠባል? በግራዋ። ከምድጃ አመድ ዛቅኩ፣ ከመንገድ አሸዋ አመጣሁ፣ ትንሽ ናፍጣ ጨመርኩና እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ካቴናውን አውልቄ በባልዲ ዘፈዘፍኩት፤ ዓይን በዓይን በምስማር ጫፍ ጠራረግኩት። ታችኛውን ጥርስ በግራዋ ፈተግኩት። ከኋላው ያለው ላይ እጄ አልደርስ ሲለኝ ረጅሙን ቁልፍ አስገብቼ ዘንጉን እያዞርኩ፣ ዙሪያውን በሙሉ አጸዳሁት። እዚህም እዚያም የተንጠባጠበ አረንጓዴ ነገር አስቸግሮኝ ነበር፤ ያንን በአሸዋ አስለቀቅኩት። አዎ፣ ሲቀባ አይቻለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፤ ያኔ ዓይኔ እሱ ላይ ጆሮዬ ደግሞ ቄሱና ባልቴቷ ትተውኝ የሄዱበት መንገድ ላይ ነበር። የአጎቴን "ማነው?" እየሰማሁ ነበር። መጻፉን ያየሁትን ደብዳቤ ማንበቤን ረሳሁት።

አንድ ቀን ተኩል አጠብኩ። ቀን ቀን የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ እበላለሁ፤ የደባርቅ ድንች ሲፈርስ ዱቄት ነው፣ ሌላ ቦታ ያን የመሰለ አልበላሁም። ሐሙስ ቀትር ላይ ሞተሩ ያበራ ነበር። ሕይወቴን በሙሉ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ እሱን ያህል የኮራሁበት የለም።

ይርሳው በስምንት ሰዓት ገባ። አዲስ ካምሻፍት አግኝቷል፤ ጥርሱን ግን አዲስ ስላጣ በአሮጌው ልክ ቶርኖ ቤት አስቀርጾ ነው ያመጣው። አዲሱ ጥርስ ላይ ምንም ምልክት የለም፤ ሙልጭ ያለ ብረት ነው። ጆንያውን አስቀምጦ ወደ ሞተሩ ተጠጋ። ቁጢጥ አለ። ከዚያ ታችኛውን ጥርስ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

"ማን አጠበው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

"አረንጓዴ ነገር አላየህበትም?"

"አይቻለሁ። ለማስለቀቅ አስቸግሮኝ ነበር።"

ራሱን ነቀነቀ። "ዘንጉንስ አዙረኸዋል?"

"ከኋላው ለማጠብ።"

"ስንት ጊዜ?"

"እስኪጸዳ።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ይርሳው ተነስቶ ከጽዱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ከኪሱ የገብስ ቆሎ አወጣ። ለእኔም ዘገነልኝ። ሁለታችንም ቆሎ እየቆረጠምን ሞተሩን እናያለን።

"ካምሻፍቱ ባለመኖሩ እግዜር አውጥቶናል፣" አለ በመጨረሻ። "ቫልቮቹ በሙሉ ተዘግተው ስለነበር ፒስተኑ የሚነካው አላገኘም። ምንም አልተሰበረም።" ቆሎውን ቆርጥሞ ጨመረ፤ "ደግሞ ጥሩ አድርገህ አጥበኸዋል። እንዲህ ንጹሕ ሞተር ነክቼ አላውቅም።"

ቢሰድበኝ በቀለለኝ።

ምልክት በሌለበት የሚደረገው ነገር፣ ሞተሩን ራሱን መጠየቅ ነው። ይርሳው ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች በሙሉ ፈታቸው። ከአሮጌ ጃንጥላ አንድ ሽቦ መዝዞ በመጀመሪያው ቀዳዳ ፒስተኑ ራስ ላይ እስኪያርፍ ሰደደው። እኔ ረጅሙን ቁልፍ ይዤ ከፊት ዘንጉን አዞራለሁ። ፒስተኑ ሲወጣ ሽቦውን እየገፋ ያወጣዋል። መውጣቱን ያቆመበት፣ መውረዱን ግን ያልጀመረበት አንዲት ነጥብ አለች፤ የሚፈልገው እሷን ነው።

"ሂድ… ሂድ… ቁም። አለፍክ። ተመለስ።"

እመለሳለሁ።

"ቀስ። አሁንም አለፍክ። ችኮላህን ገበያ ተውና ና።"

ዓርብ ጧት ብርዱ ብረቱን እንደ በረዶ አድርጎት እንደገና ጀመርን። መዳፌ ተልጧል። አንድም ጊዜ ደከመኝ አላልኩም፤ ለማለት ፊት አልነበረኝም። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሽቦውን በሁለት ጣቶቹ ይይዛል እንጂ አያየውም። "ዜማ ስማር አንዲት ድምፅ ላይ ለመቆም ሦስት ወር መልሰውኛል፤ ይሄማ ሁለት ቀን ነው" አለኝ። ነጥቧን ሲያገኛት አዲሱን ካምሻፍት ከነጥርሱ አስገባ። የመጨረሻውን ፒስተን ሁለት ቫልቮች እያየ፣ አንዱ ሊዘጋ ሲል ሌላው ሊከፈት የሚጀምርበት ቦታ ላይ አቆመው፤ "ቅዳሴ ሲያልቅ አንዱ በር ላይ የሚወጣው ሌላው በር ላይ ከሚገባው ጋር እንዲተያይ ማለት ነው" አለ። ካቴናውን አለበሰው።

"አሁን ሁለት ዙር። በእጅህ ስማው።"

አንዱ ዙር እንደ ቅቤ ሄደ። ሁለተኛው ሊገባደድ ሲል ቁልፉ መዳፌ ውስጥ ደንደን አለ።

"ቁም፣" አለ በቀስታ። "ቫልቩ ፒስተኑን ሳመው። ብትገፋው ኖሮ ይነክሰው ነበር።"

አንድ ጥርስ ተዛንፈናል። ካቴናው እንደገና ወረደ። አጎቴ ወደ ግቢው የገቡት ልክ በዚያች ሰዓት ነው።

ነገ ጧት ገበያ መግባት ያለባት መኪና ፊቷ ተከፍቶ፣ አንጀቷ ጆንያ ላይ ተዘርግቶ አገኟት። ጋቢያቸውን አስተካከሉና ቆሙ።

"ሐሙስ እመለሳለሁ ብለህ ነበር አሉኝ፣ ይርሳው።"

"ብያለሁ፣ አያ ጫኔ።"

"ለምን አልተገጠመም?"

"የማስማሚያው ምልክት ጠፍቶ ነው። ያለ ምልክት እየፈለግነው ነው።"

የሚመጣውን አውቄዋለሁ፤ ቁልፉ እጄ ላይ ከበደኝ።

"ማነው?"

ይርሳው ቀና አላለም። ካቴናውን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። "እኔ ነኝ። ምልክቱን እንደሚገባ አላደረግኩትም" አለ።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተስ የት ነበርክ?"

"እዚሁ ነበርኩ፣ አያ" አልኳቸው።

እውነት ነበር። የነጋዴ እውነት። ሚዛኑ ላይ ይወጣል እንጂ ሆድ አይሞላም።

"እንግዲህ የጀመርከውን ጨርስ፣" አሉት አጎቴ። "ከዚህ በኋላ ግን የእኔን መኪና አትነካም።" ያን ጊዜ የአጎቴ ቃል ከዳባት እስከ ደባርቅ ምን ያህል እንደሚሄድ ሁለታችንም እናውቃለን። የሚሰማቸው ባለመኪና ብዙ ነው። ሥራ በጀመረ በሁለት ዓመቱ እንዲህ ስሙ የጠፋ መካኒክ ወደ ውሃ መቅዳቱ ቢመለስ አይደንቅም ነበር። ይርሳው "እሺ" ብሎ ካቴናውን መጥረጉን ቀጠለ።

አጎቴ ከወጡ በኋላ ልናገር አፌን ከፈትኩ። "ጋሼ…"

"አንድ ጥርስ ወደ ግራ ነው የምንሄደው፣" አለኝ። "ቁልፉን ያዝ።"

ሁለቱ ዙር በዚህኛው ጊዜ ያለ ምንም ድንዳኔ አለቁ። አራት ጊዜ ደገምነው። ፀሐይ ስትቆለቁል ክዳኑ ተዘግቶ ነበር። ቅዳሜ ገና ሲነጋ ናፍጣው ውስጥ የገባውን አየር አስወጣን፤ ቁልፉን ሳዞር ሁለቴ አሳላት፣ ሦስተኛው ላይ ያዘች። ጽዱ ላይ ያደሩ ወፎች በሙሉ ተነሱ። ይርሳው ጆሮውን ወደ ሞተሩ አቅርቦ ጥቂት አዳመጠና "ጾሙ በጊዜው ገብቷል፤ ሂድ" አለኝ።

ያን መንገድ እንዴት እንደነዳሁት አልረሳውም። ከኋላዬ የስሜን ገደሎች ጭጋጋቸውን ገና አላወለቁም፤ ፊት ለፊቴ አስፋልት አልነበረም፣ ጠጠሩ በጎማው ሥር ይዘምራል። ዳባት ስደርስ ገበያው እየሞላ ነበር። አጎቴ ከገዢው ጋር መጋዘኑ ደጅ ቆመዋል። ሞተሩን ሳላጠፋ ቆምኩ። አጎቴ ጥቂት ሰሙትና ሰውዬውን "ላደከምኩህ ይቅርታ፣ የምትሸጥ አይደለችም" አሉት።

እንዲህ ሆኜ ነጋዴ ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁት ነገር ሁሉ፣ ቤቱም ሱቁም የልጆቼም ትምህርት፣ መነሻው ያች መኪና ናት።

ዝምታዬን ሁለት ዓመት ተሸከምኩት። እስከዚያ ያደረግኩት ነገር ቢኖር፣ የማውቀውን ሹፌር ሁሉ ወደ ይርሳው መላክ ነው። ከጎንደር የሚመጣውንም፣ ከሊማሊሞ ተንፏቆ የሚወጣውንም። አጎቴ በአንድ አፍ ያስቀሩበትን እኔ በአሥር አፍ ለመመለስ ሞከርኩ። በኋላ አንድ ቀን ጎንደር ደርሰን ስንመለስ፣ አጎቴ ጎኔ ተቀምጠው፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ግራዋውን፣ አሸዋውን፣ አረንጓዴውን ቀለም።

አጎቴ ዳባት እስክንደርስ መስኮት መስኮቱን አዩ። በማግስቱ ጧት ግን ራሳቸው መኪናዋን አስነስተው ደባርቅ ይርሳው ግቢ ገቡና ዘይት አስቀየሩ። ዘይቱ ከተቀየረ ገና ሳምንቱ ነበር። እስኪሞቱ ድረስ ከዚያ ግቢ ሌላ ቦታ መኪና ወስደው አያውቁም። እኔንም አላባረሩኝ።

ይርሳውን ግን አመሰግንሃለሁ ብዬው አላውቅም ነበር። በየጊዜው እንገናኛለን፣ እንቀላለዳለን፤ ያንን ቀን ግን ሁለታችንም አንነካውም። የመጥበሻው ነገር በሆነ በማግስቱ ተነስቼ ደባርቅ ወጣሁ።

አሁን እሱ ቁልፍ አይዝም፤ ጉልበቱ እምቢ ብሎታል። ልጁና ሌሎች አራት ሰዎች ይሠራሉ፤ ጽዱ ተቆርጦ በቦታው ቆርቆሮ ተሠርቷል። እሱ ፀሐይ ላይ ወንበር አስወጥቶ ይቀመጣል፣ ሞተር ሲነሳ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ወሬያችን ስለ ድንች ዋጋ፣ ስለ ጉልበቱ ሆነ። ከዚያ ሳላስበው ወጣልኝ።

"ጋሼ፣ ያን ጊዜ ስለ እኔ ብለህ ለአጎቴ ስለዋሸህ አመሰግንሃለሁ።"

ዓይኑን ገለጠ። "ምን ዋሸሁ?"

"ምልክቱን። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ አንተ ግን እኔ ነኝ አልካቸው።"

የምለውን ለማስታወስ ሲሞክር አየሁት። ሲያገኘው ፊቱ ላይ የታየው ሐፍረት ነበር፤ የእሱ ሐፍረት።

"ልጄ፣ እኔ አልዋሸሁም፣" አለኝ። "ምልክት በቀለም አይደረግም። በሹል ብረት ነቁጥ ተደርጎ ይመታል፤ ካምፕ ሳለሁ ተምሬዋለሁ። ያን ቀን አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ሆነና ቀባሁት። ደግሞም 'ጠብቅልኝ' አልኩህ እንጂ 'አትንካ' አላልኩህም። አንተ ባታጥበው ዘይት ያጥበው ነበር። አጎትህ ማነው አሉኝ፤ እኔ ነበርኩ።"

"ስምህ እኮ ሊጠፋ ነበር።"

"ሰንፌ ስሜ ቢጠፋ ምን ይደንቃል?" ትከሻዬን ይዞ ሳቀ። "ይሄን ሁሉ ዘመን እሱን ይዘህ ነው የኖርከው? እኔ ከዚያ ሞተር ትዝ የሚለኝ አንተ መዳፍህ ተልጦ አንዴም ሳታጉረመርም ማዞርህ ነው። ለልጆቹም ስነግራቸው እሱን ነው የምነግራቸው።"

ሚኒባሱ ወደ ዳባት ሲመልሰኝ መስኮት መስኮቱን አየሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ነግጃለሁ። ጆንያ ሲጎድልብኝ ፍለጋዬን የምጀምረው ከሌላው ሰው ሚዛን ነው፤ ከዚያ ጫኚውን፣ ከዚያ መንገዱን፣ ከዚያ አይጡን እጠረጥራለሁ፤ ወደ ራሴ እጅ ስደርስ አብዛኛውን ጊዜ መሽቷል። ያ ሰው ግን መጀመሪያ ያየው የራሱን እጅ ነው፤ ጥፋቱን እዚያ ስላገኘውም ከዚያ በላይ አልፈለገም። የዋሸልኝ ሰው መስሎኝ በልቤ ሳመሰግነው ኖርኩ። ውሸት ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን እኔም ዋሽቼለት እንካካስ ነበር። ለእንዲህ ያለው እውነት ግን ምን ተብሎ ይመለሳል? ያን ጊዜ ጥፋቴን ደባርቅ ጥዬው ወረድኩ፤ እሱ ተቀበለኝ። ምስጋናዬን ግን አልተቀበለኝም፤ አብሮኝ ተሳፍሮ ተመለሰ።